በምሳ ሰዓት የጠበበ ኮት

ነገሩን የሰማው ልጅ ሳለ ነው፤ የጨርቅ ጥቅሎች ከሚደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ተጋድሞ። ማን ምን እንዳለ አሁን በውል አይለየውም። አንደኛዋ እናቱ ነበረች። ሌላው ወይ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፣ ወይ መርፌ ሊወጋ የመጣ ሌላ ሰው። «ልቡ ነው?» አለች እናቱ፣ ስለ አባቱ። «ልቡስ ደህና ነው» አለ ሰውዬው። ከዚያ በኋላ የተባለው ታላቅ እህቱ ከምትለማመድበት የስፌት መኪና ድምፅ ጋር ተደባልቆ ጠፍቶበታል። ብቻ እናቱ መጨረሻ ላይ «ታዲያ ለጠየቀኝ ሰው ምን ልበል?» ስትል፣ ሰውዬው «ጨጓራ በይ፤ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ» ማለቱን ያስታውሳል። ያስታውሳል ብሎ ያስባል። ሁለቱም የሳቁ ይመስለዋል።

አባታቸው ያን ጊዜ መስፋቱን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ምግብ ሲያቀርቡለት አይበላም፣ ሲጠሩት አይዞርም። ጎረቤት «ምን ነካው?» ሲል «ጨጓራው» ይባላል። ደንበኛ «የት ጠፋ?» ሲል «ጨጓራው ተነስቶበት» ይባላል። እንዲህ ሆኖ ከረመና አንድ ጠዋት ሳይነሳ ቀረ። ለቀስተኛውም ጨጓራ የገደለውን ሰው አልቅሶ ወደየቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስም ለሌለው ነገር ሁሉ ስሙ ጨጓራ ሆነ።

ልጁ አደገ፣ ልብስ ሰፊ ሆነ፣ ጠጉሩም ሸበተ። የአባቱን ሱቅ ከእህቱ ጋር ይሠራበታል። እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ከደንበኛ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ እሱ ይሰፋል። የሚኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ እሷ ከፍ ብሎ ካለው መንገድ ከባሏ ጋር። የሰፈሩ ሰው ሙሽራው ይለዋል። ሚስት አግብቶ አያውቅም፤ ግን ኮቱ ከትከሻው፣ ሱሪው ከወገቡ ለአንድ ቀን እንኳ ዝንፍ ብሎ አይታይም። «ሙሽራው፣ ሙሽሪትስ?» ይሉታል። ፈገግ ይል ነበር፤ ከዚያ ወደ መኪናው ጎንበስ።

ፈገግታው ካቆመ ቆይቷል። ያንን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ሐኪም ቤት ሲመላለስ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሦስቴም «ጨጓራዬን» ብሎ። የሚለውም እሱ አይደለም፤ እህቱ ናት። ዛሬ ጠዋት ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ የጸሎቱ ቃል አፉ ላይ እየደረቀ፣ ለፈጣሪው አንድ ነገር ቃል ገባ። ዛሬ እውነቱን ለሐኪሟ እናገራለሁ አለ። ዛሬ ካልተናገረ ዳግመኛ እንደማይመጣ ያውቃል። ካልመጣ ደግሞ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ትናንት አይቶታል፤ ያየው ነገር አስፈርቶታል።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ እነሱ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እህቱ ሰው ስታይ ፊት አታይም። ትከሻ ነው የምታየው።

«ያንን ሰውዬ እየው» አለች፣ ቀስ አልኩ ብላ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ። «ያንን ኮት የሰፋ እጅ ይሰበር! አንዱ ትከሻ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ሚዛን ነው የሚመስለው።»

«እትዬ።»

«ምነው? ውሸት ነው?»

«እትዬ፣ ዛሬ ብቻዬን ልግባ።»

አንገቷን ወደ ኋላ ስባ አየችው። «የት?»

«ሐኪሟ ጋ። ብቻዬን።»

«ምን ልትል? አንተ እኮ ስምህን ሲጠይቁህ ዞረህ እኔን የምታይ ሰው ነህ!»

«ዛሬ አላይሽም።»

«እስቲ ስማው! የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ተከምሮ፣ ሱቅ ዘግቼ የመጣሁት ኮሪደር ልጠብቅልህ ነው? ዘበኛ አደረግከኝ?» ዓይኗን አጠበበች። «ምን የምትደብቀው ነገር አለ?»

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ አብረን እንሰማዋለን።»

ተራቸው ሲጠራ እሷ ቀድማ ገባች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ቀና ያላለች የሚመስል ፊት አላት። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ «ደግሞ መጡ?» አለች። «ኪኒኑን ጨረሱ?»

«ጨርሷል ልጄ» አለች እህቱ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «ጠብ ያለለት ነገር የለም። ጠንከር ያለውን ስጪው።»

«ልጅዎ አይደለሁም። የጠየቅኩትም እሳቸውን ነው።»

«ያው ነው። እሱ አይናገርም።»

ሐኪሟ አየር ስባ አስወጣች። «ደምዎን አይተናል፣ ሰገራዎን አይተናል፣ ጨጓራዎን በመሣሪያ ሳይቀር አይተናል። ንጹሕ ነው። ምን እንዳደርግልዎ ነው የሚፈልጉት?»

«እንቅልፍ...» አለ ልብስ ሰፊው።

«እንቅልፍማ እንደ ግንድ ነው የሚተኛው» አለች እህቱ። «ሱቁን ስከፍት ገና አልጋ ላይ ነው። በር ደብድቤ ነው የማስነሳው።»

በር እስኪደበደብ ድረስ ጣሪያውን ሲያይ እንደቆየ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ጥያቄው አልፎ ሄዷል።

«ምግብስ?»

«ምግብ ይበላል። ባይበላ አይከሳም? እይው እንጂ ልብሱን! የከሳ ሰው ኮት እንዲህ ይቀመጥለታል? ይህን ኮት እኔ ነኝ የቆረጥኩለት፤ ያኔ እንደተቀመጠለት ነው ዛሬም የተቀመጠለት።»

ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ኮቱ ትከሻው ላይ ልክ ነው። አንገቱ ጋ ኮሌታው አልራቀም፣ ወገቡ ጋ አልተንጠለጠለም። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። እሱም የገዛ ስፌቱ ሲመሰክርበት ተሰማው። ያማረ ምስክር ነው፤ አንድም ክር አላፈተለከም።

«ዶክተር» አለ። «ጨጓራ አይደለም።»

«እኔም እሱን ነው የምልዎት።»

«ጨጓራ አይደለም፤ ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

ጠዋት ያዘጋጃቸው ቃላት አንድ በአንድ የት እንደገቡ ጠፉበት። እህቱ ታየዋለች። ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ሰዓቷን ማየቷ ነው ደሙን ያፈላው።

«እኔ ልንገርሽ? የተማርሽው አንቺ! እኔ ነኝ የምነግርሽ?»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ውጭ ስንት ሰው ተሰልፎ እንደሚጠብቅ አይተዋል። በትክክል ምን እንደሚሰማዎ ካልነገሩኝ ጠንቋይ አይደለሁም።»

«ይቅርታ አድርጊለት» አለች እህቱ፤ ለሐኪሟ ሳይሆን እሱን ለማሳፈር። «ሰው ፊት መናገር አያውቅበትም። አንተ! ምን ነካህ? አንቱ በላት እንጂ።»

«አንቺ ዝም በይ!»

«እኔን ነው?»

«ይበቃል» አለች ሐኪሟ። ማዳመጫዋን ከአንገቷ አወረደች። ጉዳዩን ለመጨረስ እንጂ የምታገኘው ነገር አለ ብላ እንዳልሆነ ያስታውቃል። «ኮትዎን ያውልቁ፤ ደረትዎን ላዳምጥና ይሂዱ።»

«በላዩ አድምጪው።»

«በኮት ላይ አይሰማም።»

«ሸሚዙን እከፍታለሁ። ኮቱ ይቆይ።»

«ምን ያንቀባርርሃል?» አለች እህቱ። «አውልቅ ስትባል አውልቅ!»

አወለቀ። ይዞት ሊቆይ ፈልጎ ነበር፤ ግን የእህቱ እጅ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያወልቅ የተቀበለ እጅ ነው፤ ሳታስበው ተዘርግቶ ወሰደው። ጣቶቿም ሳታስበው ወደ ገበሩ ውስጥ ገብተው የጎኑን ስፌት ዳሰሱ። ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ የማንንም ልብስ ስትይዝ ከውስጥ በኩል ነው የምትይዘው።

ጣቶቿ ቆሙ።

ስፌቱ ወፍሯል። አንድ እጥፍ ሊሆን የሚገባው ጨርቅ እጥፍ በእጥፍ ተደራርቦ ጎርብጧል። ገበሩን ገለጥ አድርጋ አየች። የመጀመሪያው ስፌት የሷ ነው፤ ጥቁር ክር፣ ታውቀዋለች። ከሱ ገባ ብሎ ሌላ ስፌት አለ፤ በነጭ ክር። ከነጩ ገባ ብሎ ቡናማ። ከቡናማው ገባ ብሎ ጥቁር አረንጓዴ።

በሱቃቸው መኪናው ላይ የሚሰካው ክር የያዙት ትዕዛዝ ክር ነው። ለአንድ ስፌት ብሎ ክር የሚቀይር የለም። ነጩ የነርሶቹ ጋውን ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ሳይገባ። ቡናማው የጥበቃዎቹ ልብስ። አረንጓዴው የተማሪዎቹ ነው፤ አሁን፣ በዚህ ሳምንት፣ መኪናው ላይ ያለው። እሷ ምሳ ልትበላ ወደ ቤቷ በወጣች ቁጥር፣ ወንድሟ ኮቱን እያወለቀ ከሰውነቱ ጋር እኩል ሲያጠብበው ከርሟል። ሱሪውንም ሸሚዙንም እንዲሁ አድርጎ መሆን አለበት። እሷም ተመልሳ ገብታ ልብሱን ታያለች፤ ልክ ነው። የሰውን ትከሻ ከመንገድ ማዶ የምትለካዋ ሴት አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው አላየችውም።

ሐኪሟ ሸሚዙን ገልጣ ቆማ ቀርታለች። ማዳመጫውን የምታሳርፍበት ሥጋ አጥታ አጥንት ለአጥንት ታንቀሳቅሳለች።

«ይህን ያህል ከስተው ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«ሁለት ጊዜ ጠይቄዎታለሁ! 'ምግብ እንዴት ነው' ብዬ...»

«እሷን ነው የጠየቅሽው። እሷ መለሰች፤ አንቺም ጻፍሽ።»

ሐኪሟ ማዳመጫዋን አስቀመጠች። ሸሚዙን ራሷ አለበሰችውና ወደ እህቱ ዞረች። «እርስዎ ውጭ ይጠብቁ።»

እህቱ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ኮቱ ጭኗ ላይ እንደተገለጠ ነው።

«እመቤቴ፣ ውጭ ይጠብቁ አልኩ።»

«ሰማሁ!» ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ወንድሟን አየችው፤ ፊቱን ሳይሆን ሸሚዙን፣ ከብብቱ እስከ ወገቡ። «ኮቱን ይዤ ነው የምወጣው» አለች። በሩን ስትዘጋው መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

ሐኪሟ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ ጎትታ አምጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ይቅርታ አላለችም። ድምፅዋም ገና አልለዘበም።

«እሺ። አሁን ማንም የለም። ይናገሩ።»

«አሁን ጊዜ አገኘሽ?»

«የለኝም። ቢሆንም ይናገሩ።»

መልሱ ውሸት የሌለበት ስለሆነ ይሆናል፣ ንዴቱ ትንሽ በረድ አለለት። መሬት መሬት እያየ ጀመረ።

«ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ 'ደግሞ ነጋ' ነው የምለው። ሌላ ሰው 'ተመስገን ነጋ' ይላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን ጸሎቴን አፌ ይደግመዋል እንጂ እኔ እዚያ የለሁም። ሰው ይስቃል፤ አፉ ሲከፈት አያለሁ፤ ምን እንዳሳቀው አይገባኝም። ያማረ ልብስ ሠርቼ ሳነሳው ማማሩን አውቃለሁ፤ ደስ ግን አይለኝም። ጉርሻው አፌ ውስጥ ጨርቅ ነው የሚሆንብኝ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። ሲነጋጋ ደግሞ እጄና እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። ሰነፍኩ እላለሁ። ራሴን እሰድባለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኮቱ ላይ አለ» ሊል ነበር፤ ተወው። «ዝናቡ ሳይገባ ጀምሮ።»

«ይህን ያህል ከስተው ኮትዎ ልክ ነው፤ ልብስዎን ለምን ያጠብቡ ነበር?»

«እንዳይጠይቁኝ ነዋ! 'ምነው ከሳህ' ያለ ሰው መልስ ይፈልጋል። እኔ መልስ የለኝም።»

 ሐኪሟ ዓይኑን እያየች ጠየቀችው። «ራስዎን ሊጎዱ አስበው ያውቃሉ?»

ቀና አለ። «ይህን የመጣውን ሰው ሁሉ ነው የምትጠይቂው ወይስ እኔን?»

«መጠየቅ ያለበትን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። ይመልሱልኝ።»

«ኃጢአት ነው።»

«ኃጢአት ነው ወይ አላልኩም።»

ከውጭ የዘበኛው ድምፅ ሰው ሲጣራ ይሰማል። ልብስ ሰፊው ጣቶቹን አቆላለፈ፣ ፈታ። «ባልነቃ እላለሁ። ብዙ ጊዜ እሱን ብቻ ነው የምለው። አንዳንድ ቀን ግን ከዚያ ያልፋል።»

«መጨረሻ ያለፈው መቼ ነው?»

«ትናንት» አለ። እንዳለውም ትከሻው ወረደ፤ ሲሸከመው የኖረውን ጥቅል ጠረጴዛ ላይ እንደጣለ ሰው። አልቀለለውም። ብቻ አስቀመጠው።

«ዛሬ በመናገርዎ ደግ አደረጉ» አለች ሐኪሟ። «ይህ ድባቴ የሚባል ሕመም ነው። ስንፍና አይደለም፤ የእምነት ማነስም አይደለም።»

«እብድ ነህ በይኛ።»

«እብድ አላልኩም፤ ታመዋል ነው ያልኩት። መድኃኒት አለው። መድኃኒቱ ግን እንደ ራስ ምታት ኪኒን ዛሬ ተውጦ ዛሬ አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ልክ ሆንኩ ብለው ወይም አልሠራልኝም ብለው በራስዎ አያቋርጡትም። ከኪኒኑ ሌላ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያነጋግርዎ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዝልዎታለሁ።»

«እዚያ በር ላይ ደንበኛዬ ቢያየኝስ?»

«ደንበኛዎ እዚያ በር ላይ ምን ይሠራል?»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም። 

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች። «እስክናይዎ ድረስ ብቻዎን ማደር የለብዎትም። መድኃኒቱንም ሌላ ሰው ነው የሚይዝልዎ። ማን አለዎት?»

የሸሚዙን አዝራር ይነካካ ጀመር።

«እህትዎ አሉ።»

«እሷ ጋ ከማድር እዚሁ ኮሪደርሽ ላይ ብተኛ ይሻለኛል።»

«ልጥራቸው? ካልፈቀዱ አልጠራም። ያሉኝን ሁሉ አልነግርም፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው የምነግራቸው።»

በሩን አየ። «ጥሪያት» አለ። «መቼም በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ይሆናል።»

ጆሮዋን አልለጠፈችም፤ ግን ከበሩ አልራቀችም። ኮቱን ወደ ውስጥ ገልብጣ ክንዷ ላይ እንደያዘች ገባች። ስታለቅስ የቆየች ትመስላለች፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አበሳጭቷታል።

«በእኔ መኪና!» አለች ገና ሳትቀመጥ። «በእኔ ክር! እያበላሁህ፣ እያጠጣሁህ፣ ጀርባዬን ባዞርኩ ቁጥር ስታታልለኝ ከረምክ!»

«እመቤቴ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ምንድን ነው ያለው?»

ሐኪሟ ነገረቻት፤ በአጭሩ፣ ሳታጋንን። እህቱ ራሷን ግራና ቀኝ እየወዘወዘች ሰማች።

«አይደለም» አለች። «አባታችንም እንዲሁ ነበር። የኛ ዘር ጨጓራ...»

«አባታችን ጨጓራ አልነበረበትም!»

በዕድሜው እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ወሬ ሁሉ ጸጥ አለ። የእህቱ ሁለት እጅ ኮቱን እንደጨበጠ ቀረ።

«አውቃለሁ» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ሰልሏል። «እኔ አላውቅም? አንተ ልጅ ነበርክ። ጠዋት ጠዋት የማነሳው እኔ ነበርኩ። ጨጓራ በይ አሉኝ፤ ጨጓራ አልኩ። ማን ሌላ ነገር አስተማረኝ?» ከዚያ እንደገና ነደደች። «አንተስ አፍ አልነበረህም? መስፊያና መቅደጃ ታውቃለህ፤ 'እትዬ አመመኝ' ማለት ያቅትሃል?»

«ብነግርሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

«እሰድብህ ነበር።»

«አየሽ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሌላ አላውቅም! ሰድቤህ ግን ይዤህ እመጣ ነበር።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስሙኝ፣ ሁለታችሁም። ጭቅጭቁን ቤታችሁ ትጨርሱታላችሁ። እሳቸው ብቻቸውን እንዳያድሩ እፈልጋለሁ። እርስዎ ጋ ቦታ አለ?»

«ቦታማ አለ። የልጄ ክፍል ባዶ ነው፤ አግብታ ከወጣች።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ና ያላልኩት ጊዜ አለ? በየበዓሉ እለምነዋለሁ። ኩሩ ነው! ያቺን ጉሬ ሙጥኝ ብሎ።»

«ምላስሽን ፈርቼ ነው።»

«ምላሴ ገድሎህ ያውቃል?»

ይህን ብላ ራሷ የተናገረችውን ሰማችና አፏን በመዳፏ ያዘች።  ሐኪሟ የመድኃኒቱን ማዘዣ ጽፋ ለእህቱ ዘረጋችላት። እህቱ ተቀበለች፤ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ዩኒፎርሙስ?» አለ እሱ፤ የሚለው ሌላ ነገር ስላጣ።

«ይቆይ ዩኒፎርሙ! ባለፈው ዓመት ልብሳቸው ይማሩ፤ ምን ይሆናሉ?»

«ይህ ሐሳብ ሲመጣብዎ» አለች ሐኪሟ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ «ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ለእሳቸው ይናገራሉ። ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። 'መጣብኝ' ማለት ይበቃል። እርስዎም እመቤቴ፣ ያን ጊዜ ምንም አይሉም። አይሰድቡም፣ አይመክሩም። አጠገባቸው ይሆናሉ፤ ከፋ ካለ በማንኛውም ሰዓት ወደዚህ ይዘዋቸው ይመጣሉ። ይችላሉ?»

«ዝም ማለት?»

«ዝም ማለት።»

እህቱ ጣሪያውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ክንዷ ላይ ያለውን ኮት አየች። «እሞክራለሁ» አለች፤ ጥርስ እንደሚነቀልባት ሰው።

«እርስዎስ?»

ልብስ ሰፊው እጁን ወደ እህቱ ዘረጋና ኮቱን ተቀበላት። ወደ ቀኙ ገልብጦ ለበሰው። አዝራሩን ሳይቆልፍ ትንሽ ቆመ። እምቢ ቢል ማታ ወደዚያች ክፍል ብቻውን እንደሚመለስ ያውቃል፤ እዚያ ምን እንደሚጠብቀውም ያውቃል።

«እሺ» አለ ለሐኪሟ። «እስከ ቀጠሮዬ ድረስ እሷ ቤት አድራለሁ። ሲመጣብኝም እነግራታለሁ።» ከዚያ እህቱን ሳያይ ጨመረ። «ራት ላይ ግን ከማንም ጋር አላወራም።»